እውነት ወይስ ተረት? «መጀመሪያ ሜንተር ላግኝ»

ባለፈው ወር አንዲት የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ኦፕን ሶርስ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ሜንተር ይሁኑኝ።» ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው፤ ሜንተር ደግሞ እጅ ይዞ የሚመራ አማካሪ። የትኛው ፕሮጀክት ላይ ብዬ ብጠይቃት «እሱንም እርስዎ ይምረጡልኝ» አለችኝ። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ካፌ ዋይፋይ እየፈለገች ኮድ የተማረች ልጅ ናት። እግሯን ያሰራት ከጓደኞቿ የሰማችው ተረት ነው።

ተረቱ፦ ሜንተር ሳይገኝ ሥራ አይጀመርም።

ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት ጁላይ ሚኒክስ ለተባለ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጠቃሚዎች የላከው ጥያቄ «አስተምሩኝ» አይልም። ፖዚክስ የተባለው መስፈርት ሰነድ ከየት እንደሚገኝ ብቻ ነው የጠየቀው። ያችን ጠባብ ጥያቄ አይቶ አሪ ሌምኬ የሚባል ሰው መለሰለት፤ ፋይሎቹን የሚያኖርበት ቦታም ሰርቨር ላይ ሰጠው። ፎልደሩን «ሊኑክስ» ብሎ የሰየመው ሌምኬ ነው፤ ቶርቫልድስ ያሰበው ስም «ፍሪያክስ» ነበር። አጋዡን የጠራው በእጁ ላይ የነበረው ሥራ ነው።

ዛሬ ሜንተር መድበው ገንዘብ የሚከፍሉ ፕሮግራሞችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። አውትሪቺ ሰልጣኞቹን ከመምረጡ በፊት አመልካቾች ፕሮጀክቱ ላይ የሚሠሩበት ጊዜ አለው፤ ሜንተሮቹ የሚመርጡት ያን ሥራ አይተው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድም የሥራ ዕቅድ ይጠይቃል፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎችም ክፍት ነው።

ለልጅቷ ያልኳት ይህን ነው፦ የምትጠቀሚበትን አንድ ፕሮግራም ምረጪ፤ የአጫጫን መመሪያውን ከላይ እስከ ታች ተከተይ፤ የተሰናከልሽበትን ጻፊ። በሦስተኛው ቀን የጻፈችውን አሳየችኝ። «መመሪያውን ተከትዬ አራተኛው ትእዛዝ ላይ ይህ ስህተት መጣብኝ። የተጠቀምኩት ይህን የፓይተን ስሪት ነው። ይህንና ያንን ሞክሬያለሁ። መመሪያው ያረጀ ይመስለኛል፤ ላስተካክለው?» እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሥራ የበዛበት ሰው እንኳ በሁለት ደቂቃ ይመልሰዋል። «ሜንተር ይሁኑኝ» የሚለው ግን የዓመታት ኃላፊነት ነው፤ ለማያውቁት ሰው እሺ ማለት ይከብዳል። ጥያቄውም በግል መልእክት ሳይሆን የፕሮጀክቱ ሰዎች ሁሉ በሚያዩት ቦታ ይጻፍ፤ አንዱ ቢያልፈው ሌላው ያየዋል፣ መልሱም ለሚቀጥለው ጀማሪ ይቀመጣል።

ጥያቄዋን እዚያ ጽፋ አምስት ቀን ዝም ሲሏት ከፋት። «ናቁኝ» አለች። ዝምታ ንቀት ነው የሚለውም ተረት ነው። ብዙዎቹ ፕሮጀክቱን የሚንከባከቡት ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ልጅ ካስተኙ በኋላ ነው። ሳምንት ጠብቆ እዚያው ጥያቄ ሥር በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም። አስታወሰች፤ መለሱላት።

ተረቱ፦ ኦፕን ሶርስ ለኮድ ሊቃውንት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሞቅ ብዬ እናገራለሁ፤ አማርኛችን የሚጎዳው በዚህ ተረት ነውና። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው፣ ለፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መስፈርት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ስሪት ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው፣ ለኮምፒውተር «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት ቃላት ናቸው። ይህን ያላሰበበት የመፈለጊያ ፕሮግራም አንዱን ጽፈን ስንፈልግ ሌላውን አያመጣልንም። ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ የቱንም ያህል ቢራቀቅ አማርኛ ካላነበበ ችግሩን አያየውም። እኛ ጋ ግን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ያየዋል፤ የምሳሌ ቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ ማቅረብ ራሱ አስተዋጽኦ ነው፣ ለዚያውም እነሱ ከየትም የማያገኙት።

ልጅቷ የመመሪያውን እርማት ከተቀበሏት በኋላ ይህንኑ የፊደል ችግር ከምሳሌ ቃላት ዝርዝር ጋር አነሳች። ከፕሮጀክቱ ሰዎች አንዱ «ታዲያ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ሁልጊዜ እንደ አንድ እንቁጠራቸው?» ሲል ጠየቃት። አሁን እሱ ጠያቂ፣ እሷ መላሽ ናት። ትናንት ማታ ደውላ «ጋሼ፣ ሰረቀ እና ሠረቀስ? አንዱ ሌብነት፣ አንዱ የፀሐይ መውጣት ነው» አለችኝ። ዝርዝሯ ላይ ጽፋዋለች።