የእቴቴ ፋክስና ትንሿ ሣጥን

ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመ። ማሽኑ ወረቀቱን ግማሽ ድረስ ውጦ ጥቂት አቃሰተና ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ የተሸበለለች ወረቀት ተፋ፦ «የግንኙነት ስህተት»። እቴቴ ወረቀቷን መነጽራቸው ሥር አስጠግተው አዩና «ይኸው፣ አራተኛ ጊዜው ነው። ሽቦዬን ያስቆረጥክብኝ አንተ ነህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ነኝ።

አክስቴ እቴቴ የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታቸው ውስጥ የሌሎች ሰዎች ልጆች ይውሉባቸዋል፤ የክትባት ወረቀቱ፣ የወላጆች ፈቃዱ፣ የራሳቸውም የሐኪም ማዘዣ የሚሄደው በፋክስ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህን ብነግረው «አሜሪካ? ፋክስ?» ብሎ ይስቃል። ግን እውነት ነው። እዚህ አገር ክሊኒኩ፣ ፋርማሲው፣ የጠበቃው ቢሮ ዛሬም የፋክስ ቁጥሩን ከስልኩ ሥር ጽፎ ይለጥፋል። የታካሚን ምስጢር በኢሜይል መላክ ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ፋክስ ግን ሁሉም የለመደው፣ ማንም የማይከራከርበት መንገድ ሆኖ ቆይቷል።

የመዳብ መስመራቸው ሒሳብ ከዓመት ዓመት ሲወጣ ጊዜ፣ «እቴቴ፣ የኢንተርኔት ስልክ እናስገባ፤ ቁጥርዎ አይቀየርም» አልኳቸው። ቁጥሩ ለእርሳቸው ትልቅ ነገር ነው፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ በቃሉ የያዘው እሱን ነው። ደግነቱ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደንብ፣ ደንበኛ ወደ ኢንተርኔት ስልክ ሲሻገር የቆየ ቁጥሩን ይዞ የመሄድ መብት አለው። ተሻገርን። ለሁለት ሳምንት ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ ፋክሱ መጣ።

ከኢንተርኔት ስልኩ ጋር የመጣችውን ሣጥን ላስተዋውቃችሁ። ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም። በአንድ ወገኗ ከራውተሩ የሚመጣው የኢንተርኔት ኬብል ይሰካባታል፤ በሌላው ወገን የድሮው ቀጭን የስልክ ገመድ። አዳፕተር ይሏታል። ሥራዋ በአጭሩ ማስመሰል ነው። የእቴቴ ስልክ፣ ያ ቁልፎቹ የደበዘዙበት ነጭ ስልክ፣ አሁንም ከቴሌ ጋር የተገናኘ ይመስለዋል፤ እጀታው ሲነሳ «ቱ...» የምትለው፣ ጥሪ ሲመጣ ደወሉን የምታንጫርረው ግን ይህችው ሣጥን ናት። በቀድሞው ጊዜ ያ ሁሉ ኃይል የሚመጣው ከስልክ ጣቢያው፣ 48 ቮልት ባትሪ ከተደረደረበት ክፍል፣ በመዳቡ ሽቦ ላይ ነበር። ቤቱ መብራት ቢጠፋም ስልኩ ይሠራ የነበረው ለዚህ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሣጥኗን በቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው የድሮ የስልክ ሶኬት ጋር አገናኝቶ ስልኩን ለሁሉም ክፍል ማዳረስ ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ከውጭ የሚገባው የድሮው መስመር አስቀድሞ መነቀል አለበት። ካልተነቀለ ከጣቢያው የሚመጣው ኤሌክትሪክና የሣጥኗ ይጋጩና ሣጥኗ ልትቃጠል ትችላለች።

እቴቴ «ሃሎ» ሲሉ ምን ይሆናል? ሣጥኗ ድምፃቸውን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ትለካውና እያንዳንዱን ልክ ቁጥር ታደርገዋለች። የ20 ሚሊሰከንድ ቁጥሮችን፣ ማለትም 160ውን፣ አንድ ፖስታ ውስጥ ከታ፣ አድራሻ ጽፋ ትልከዋለች። በሰከንድ 50 ፖስታ። የድሮው መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለእርሳቸው ብቻ የተከራየ መንገድ ነበር፤ እነዚህ ፖስታዎች ግን ከልጆቹ ካርቱን፣ ከጎረቤቱ ፊልም፣ ከዓለም ጣጣ ሁሉ ጋር ተጋፍተው ነው የሚሄዱት። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዳንዱም መንገድ ላይ ይቀራል። ተቀባዩ ወገን በር ላይ ትንሽ ይጠብቃቸውና በተራቸው ያሰልፋቸዋል። በጣም የዘገየውን አይጠብቅም፤ ይጥለዋል፤ ክፍተቱን ቀደም ብሎ በሰማው ድምፅ ይሞላዋል።

ጆሮ ይህን አይሰማም። ሃያ ሚሊሰከንድ የዓይን ጥቅሻ እንኳ አይሞላም። ቢሰማም ከዐውዱ ይሞላዋል። በተለይ የእኛ ሰው የስልክ ሰላምታ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ «እንደምን ነህ፣ ደህና ነህ፣ ሰላም ነህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ሁሉ ሰላም» ተብሎ ግማሹ ቢጠፋ ምን ይጎድላል? ችግሩ የሚታየው መዘግየቱ ሲበዛ ነው። ድምፅ ከአፍ ወደ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ በታች ከፈጀ ጨዋታው ያምራል። ከዚያ በጣም ሲያልፍ ሁለት ሰው እኩል «ሃሎ?» ይላል፣ እኩል ዝም ይላል፣ እንደገና እኩል ይጀምራል። ወደ አገር ቤት የደወለ ሁሉ ያንን ጭፈራ ያውቀዋል።

ፋክስ ግን ጆሮ የለውም።

ፋክስ ከስልክ የሚቀድም ነገር ነው። አሌክሳንደር ቤይን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው፤ ቤል ስልክን ከማስመዝገቡ 33 ዓመት በፊት፣ ቴዎድሮስም ዘውድ ከመጫናቸው 12 ዓመት በፊት ማለት ነው። ዛሬ እቴቴ ጓዳ ያለው ማሽን የሚናገረው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1980 የጸደቀው ነው። ገጹን በጥቁርና በነጭ ነጥቦች ይከፋፍለዋል፤ በአንድ መስመር 1,728 ነጥብ። ነጥቦቹን አጠቃሎ ወደ ድምፅ ይቀይራቸዋል፤ ያ ጆሮ የሚበሳው ጩኸት እሱ ነው። መጀመሪያ ደዋዩ «ፒ» ይላል፣ በ1,100 ኸርዝ፤ ተቀባዩ በ2,100 ይመልሳል፤ ከዚያ በምን ፍጥነት እንነጋገር ብለው ይደራደራሉ። ሁለቱም ይህን ሲያደርጉ መካከላቸው ያልተቋረጠ ሽቦ እንዳለ ያምናሉ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጣጣ። በሰከንድ በ14,400 ቢት ፍጥነት ለሚሄድ ፋክስ አንድ ፖስታ ጠፋ ማለት 288 ቢት ጠፋ ማለት ነው። ተቀባዩ ወገን ክፍተቱን በሌላ ድምፅ ሲሞላለት ደግሞ ይብሳል፤ ለጆሮ ምሕረት የሆነው ነገር ለማሽኑ ውሸት ይሆንበታል።

ለምንስ ሦስተኛው ገጽ ላይ? እኔን የከነከነኝ ይህ ነበር። አንድ ገጽ ሁልጊዜ ያልፋል፤ ሦስትና አራት ሲሆን ይቆማል። አንዱ ምክንያት ሰዓት ነው። የሣጥኗ ሰዓትና የወዲያኛው ማሽን ሰዓት በጥቂቱ ይለያያሉ፤ አንዱ ትንሽ ይፈጥናል። በር ላይ የሚጠብቁት ፖስታዎች ቀስ በቀስ ይከማቻሉ ወይም ያልቃሉ። ከደቂቃዎች በኋላ አንድ ፖስታ መጣል ወይም መጨመር ግድ ይሆናል። ሲያወሩ የቆዩ ሁለት ሴቶች ይህን አያውቁትም። ፋክሱ ግን እርምጃውን ይስትና ይወድቃል። ስለዚህ የገጹ ብዛት ሳይሆን መስመሩ ላይ የቆየበት ጊዜ ነው ጠላቱ።

አራት ቅዳሜ ከእቴቴ ጋር ጓዳ ውስጥ አሳለፍኩ። ቡናው ይፈላል፣ እኔ የማሽኑን ቁልፎች እነካካለሁ። የኩባንያው የስልክ ሠራተኛ በሦስት የተለያዩ ቀናት ሦስት የተለያየ ነገር ነገረኝ፤ አንደኛው ጭራሽ «ፋክስ ምንድን ነው?» ብሎኛል። የጠቀመኝን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ የፋክሱን ፍጥነት ወደ 9,600 አወረድኩት። ብልህ ገበሬ በሬውን እንደሚያዘገይ ማለት ነው፤ ቀስ ያለ ይደርሳል። ቀጥሎ ሣጥኗ ድምፁን እንዳታጨምቅ አደረግሁ፤ መስመር ለመቆጠብ የሰውን ንግግር በሰከንድ ወደ 8 ኪሎቢት የሚያጠብቡ ዘዴዎች አሉ፤ የተሠሩት ለሰው ጉሮሮ ስለሆነ የፋክስን ጩኸት አያውቁትም። ሙሉውን 64 ኪሎቢት ይፈልጋል። ከቁጥሩ በፊት ኮከብና 70 መደወልም አለ፤ ሌላ ሰው በመካከል ሲደውል የምትሰማውን «ጢጥ» ለዚያ ጥሪ ያጠፋታል። ያቺ አንዲት «ጢጥ» ገጽ ትገድላለች።

ዋናው መድኃኒት ግን ያልጠበቅሁት ነበር። ፋክሱ የስህተት ማረሚያ የሚባል ልማድ አለው፤ የተበላሸ ቁራጭ ሲያገኝ «ድገምልኝ» ይላል። ጥሩ ነገር ነው፤ በንጹሕ መስመር። በእኛ መስመር ግን ድገምልኝ፣ ድገምልኝ እያለ ጊዜው ይረዝማል፣ ጊዜው ሲረዝም ሌላ ፖስታ ይጠፋል፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። አጠፋሁት። አሁን አንዳንዴ ገጹ ላይ ቀጭን ነጭ ጭረት ይወጣል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል፣ ወረቀቱም ያልፋል።

ከዚህ የተሻለ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ቲ.38 የሚባለው ደንብ ነው። በእሱ ጊዜ ሣጥኗ ጩኸቱን ድምፅ አድርጋ አትልክም። ፋክሱን ራሷ ታነጋግራለች፣ የሚለውን ትሰማለች፣ ነጥቦቹን በቀጥታ ትልካለች፤ በእያንዳንዱ ፖስታ ውስጥም የቀደመውን ቅጂ ጨምራ። አንዱ ቢጠፋ የሚቀጥለው ይዞት ይመጣል። ወዲያኛው ጫፍ ያለ መሣሪያ መልሶ ጩኸት ያደርገዋል። ችግሩ በመንገዱ ያሉት ሁሉ ይህን ቋንቋ ማወቅ አለባቸው፤ አንዱ ካላወቀ ሁሉም ወደ ጩኸት ይመለሳል። ስትዋዋሉ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኸው ነው፦ «ቲ.38 ትደግፋላችሁ?» ብዙ ፋክስ የማይልክ ሰው ደግሞ ማሽኑን ቢተወውና ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በኢንተርኔት ፋክስ አገልግሎት ቢልክ ይሻለዋል። ይህን ለእቴቴ ነግሬያቸው ነበር። መልስ አልሰጡኝም፤ ማሽኑን በጨርቅ ወለወሉት።

ፋክስን በኢንተርኔት ስልክ መላክ ኢትዮጵያ ውስጥ ረጅም ጊዜ ወንጀል እንደነበር የሚያስታውስ አለ? አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅም ሆነ የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም በግልጽ ከልክሎ ነበር። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ አገልግሎቱን በሰጠ ሰው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት እስራት አስቀመጠ። ምክንያቱ ገንዘብ ነበር፤ ከውጭ የሚገባ ጥሪ ለብቸኛው ቴሌ የዶላር ምንጭ ነበር። በዚያ ዘመን የአክስቴ ጓደኛ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ አንዲት ሣጥን ይዘውለት እንዲመጡ ለመናቸው። ሣጥኗ የትም ብትሰካ ራሷን ሜሪላንድ ያለች ታስመስላለችና፣ ከቦሌ ሆኖ በ301 ቁጥር መደወል ፈልጎ ነው። እቴቴ «በሻንጣዬ እስር ቤት ተሸክሜ አልሄድም» ብለው እምቢ አሉ። ገበያው የተከፈተው በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ነው፤ ሣጥኗን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ያች «የትም ሆና ሜሪላንድ ነኝ» የምትል ጠባይዋ ግን ሌላ ጣጣ አላት። እሳት ወይም ሕመም ሲመጣ 911 ይደወላል። የመዳቡ ሽቦ የት ቤት እንደሚገባ ይታወቅ ነበር፤ ሣጥኗ ግን የምታውቀው እናንተ የነገራችኋትን አድራሻ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ኩባንያዎቹ 911ን የማገናኘት ግዴታ አለባቸው፤ አድራሻውን ማደስ ግን የደንበኛው ፈንታ ነው። ፋክሱን ስጠግን የእቴቴን አካውንት ከፍቼ ባየው፣ የተመዘገበው አድራሻ ከስድስት ዓመት በፊት የለቀቁት አፓርታማ ነበር፤ ኩባንያው ከድሮ ሒሳባቸው ላይ ገልብጦት ነው። ስንት ሕፃን የሚውልበት ቤት! እጄ ቀዘቀዘ። ዛሬውኑ የራሳችሁን ክፈቱና እዩ።

መብራቱንም ላንሳ ብያችሁ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሞደሙ ይጠፋል፣ ራውተሩ ይጠፋል፣ ሣጥኗ ትጠፋለች፣ ስልኩም አብሮ። ሦስቱን በአንድ መጠባበቂያ ባትሪ ላይ ሰካኋቸው። ባለፈው ክረምት በረዶ መብራት ሲወስድ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ፤ እቴቴ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ለአምስት ዘመድ ደውለው መብራት እንደጠፋ ነገሩ።

አምስተኛው ሙከራ ተሳካ። አራት ገጽ፣ አራቱም ሄዱ፣ የማረጋገጫው ወረቀት «ኦኬ» ብሎ ወጣ። እቴቴ ወረቀቱን አጥፈው የፓስፖርታቸው ፕላስቲክ ውስጥ ከተቱትና ስልኩን አነሱ። «ለማን ነው?» ብላቸው «ለክሊኒኩ ነዋ፤ ደረሳችሁ ወይ ልበላቸው» አሉኝ። ጠብቁ ተባሉ። ከእጀታው የሚወጣው የመጠበቂያ ሙዚቃ ውኃ ውስጥ እንደሚዘፈን ይንቦጫረቃል፤ ወዲያኛው ወገን ለሰው ጉሮሮ ብቻ በተሠራው ዘዴ አጥብቦ ልኮት መሆን አለበት። እቴቴ እጀታውን ትከሻቸው ላይ ደገፍ አድርገው ሲኒ ማጠብ ጀመሩ።