ስለ ሕፃናት ገጽ ዕድገትና ስለ ራስ ቅል ራጅ

የጎን ራስ ቅል ራጅ ማለት፣ ልጁ ጆሮዎቹ በሁለት ዘንጎች ተይዘው ሳይነቃነቅ ቆሞ፣ ጨረሩ ከአንድ ወገን ተነሥቶ አጥንቱን ከነጥርሱ በሌላው ወገን ባለ ፊልም ላይ የሚያሳርፍበት ሥዕል ነው። መሣሪያውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ለዓለም የገለጹት በአሜሪካ ብሮድቤንት፣ በጀርመንም ሆፍራት ሲሆኑ፣ ዋና ጥቅሙ ርቀቱና አቋቋሙ ሁልጊዜ አንድ በመሆኑ የአንድን ልጅ የዘንድሮ ሥዕል ከከርሞው ጋር ለማነጻጸር ማስቻሉ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙዎች፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ ማነጻጸሩን ትተው አንዲቱን ሥዕል ብቻ ይዘው፣ ከአፍንጫ ሥር በራስ ቅል መሠረት ላይ ወደምትገኘው ኮርቻ መሰል ጎድጓዳ ስፍራ አንድ መስመር፣ በታችኛው መንጋጋ ግርጌም ሁለተኛ መስመር አስምረው፣ በመካከላቸው ያለው ማእዘን ከ32 ዲግሪ በዛ ወይም አነሰ በማለት ብቻ፣ የልጁ ፊት ወደ ታች ይረዝማል ወይም አገጩ ወደ ፊት ይወጣል ብለው ይፈርዳሉ። ልኬቱ ከማን እንደ ተወሰደ የሚጠይቅም ጥቂት ነው፤ ለምሳሌ ዳውንስ የተባለ ሐኪም በ1948 ያሳተመው የታወቀ ሠንጠረዥ ጥርሳቸው ካማረ 20 ነጭ አሜሪካውያን ወጣቶች የተገኘ ነውና፣ የጅጅጋን ወይም የቀብሪበያህን ልጅ በዚያ ሚዛን መዝኖ ጉድለት አለበት ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ስሕተት ግን የመንጋጋውን ግርጌ እንደ ታማኝ ምስክር መቁጠር ነው። የዴንማርኩ ሊቅ አርኔ ብዮርክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ርዝመታቸው 1.5 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ታንታለም ከተባለ ብረት የተሠሩ ጥቃቅን ችንካሮችን በልጆች መንጋጋ አጥንት ውስጥ ተክሎ በየጊዜው ራጅ ያነሣቸው ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ያለውን ሙከራ በሕፃናት ላይ የሚፈቅድ ይገኛል ብዬ አልገምትም። አጥንት በላዩ ሲደመርበትና ሲቀነስለት መልኩን ሲለውጥ ችንካሮቹ ግን ከቦታቸው አይናወጡምና፣ ሥዕሎቹን በችንካሮቹ ላይ አደራርቦ ቢመለከት የተሰወረው ተገለጠለት፤ መንጋጋው በአብዛኞቹ ልጆች ወደ ፊት፣ በጥቂቶቹ ወደ ኋላ እየዞረ ያድጋል፤ ወደ ፊት በሚዞረው ዘንድ ግን ግርጌው ከኋላ በኩል እየተበላ ከፊት በኩል እየተደመረበት መዞሩን ይሸሽገዋል። አገጭም ወደ ፊት የሚገፋው አጥንት ስለሚለጠፍበት ይመስለናል እንጂ፣ ችንካሮቹ የመሰከሩት የአገጩ የፊት ገጽ ባለበት እንደሚጸና፣ የሚጓዘውም መንጋጋው በሙሉ እንደ ሆነ ነው።

ብዮርክ በ1969 የመንጋጋውን ራስ አዘነባበል፣ ነርቭ የሚያልፍበትን ቦይ ጥመትና ሌሎችንም ጨምሮ መዞሩን የሚጠቁሙ ሰባት ምልክቶች ዘርዝሮ ነበር፤ እነርሱም የሚረዱት የመዞር ዝንባሌው እጅግ በጸናበት ልጅ ነው። በ1984 ቦምራይንድ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ለአምስት የተመሰከረላቸው ሐኪሞች የልጆችን የመጀመሪያ ፊልም አቅርበው፣ ወደ ኋላ የሚዞረውን ወደ ፊት ከሚዞረው ለዩ ቢሏቸው ፍርዳቸው ከዕጣ አልተሻለም።

ስለዚህም አንዲት የቶጎ ውጫሌ እናት የልጃቸውን ፊልም በፖስታ ይዘው መጥተው፣ «ዶክተር፣ አገጩ ይረዝማል ወይ?» ሲሉኝ፣ «እናቴ፣ ይህን ከፊልሙ በፊት አባቱን አይቼ ልንገርዎ» አልኋቸው። በጅጅጋ የከብት ገበያ ግመል የሚገዛ ሰውም የግመሉን አፍ ከፍቶ በጥርሱ ዕድሜውን ያውቃል፤ ቁመቱ ወዴት እንደሚደርስ ለማወቅ ሲሻ ግን ስለ ዘሩ ይጠይቃል።

የራጅ ባለሙያም የልጁን ራስ አዘንብሎ፣ ጥርሱን ሳያስገጥም አንሥቶ ሐኪሙን አያሳስት። ጨረሩ ጥቂት ቢሆንም ጨረር ነውና ወላጅ በየሦስት ወሩ ራጅ ይነሣልኝ አይበል፤ የፊተኛውን ፊልም በደኅና ያስቀምጥና ሐኪሙ ባዘዘ ጊዜ ሁለተኛው እንደ ፊተኛው አቋቋም ይነሣ። በዚያው ፊልም ላይ ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት የአንገት አጥንት አለ፤ የሁለተኛው፣ የሦስተኛውና የአራተኛው አንጓ ግርጌ በሕፃንነት ዝርግ ሆኖ ወደ ጉርምስና ሲቃረብ በተራ እየጎደጎደ ይሄዳልና፣ አገጩ የት እንደሚደርስ ባይናገርም ፈጣኑ ዕድገት ገና መሆኑን ወይም ማለፉን ለመገመት ይረዳል።