በትንሽ ብር ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር፦ ገንዘቡ የት ይግባ?

አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ጤፍ፣ በርበሬና ሲሚንቶ ነው። ሰሞኑን ግን ከቀሐ፣ ከማራኪና ከአዘዞ በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የመጣ ጥያቄ አለ፤ «ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር በርካሽ ልገጣጥም ነው፣ ምን ልግዛ?» የሚል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ጌም ቤት ሊከፍቱ ያሰቡም አሉ። የዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን የሚወጣበት ዕቃ ስለሆነ ዛሬ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

መጀመሪያ፣ ዋጋው ለምን እዚህ ደረሰ?

ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ አሁን ከ140 ብር በላይ ነው። ውጭ 100 ዶላር የሚሸጥ ካርድ ያኔ 5,700 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ14,000 ያልፋል። ያውም ታክስ፣ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከል። በዚያ ላይ ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ማዕከሎች እያዞሩት ነው። ስለዚህ ነጋዴው «ራም ተወዷል» ቢላችሁ አልዋሸም።

ለእኛ የሚጠቅም ነገርም አለ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ የውጭ መሥሪያ ቤቶች ያልተበላሹ የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ኮምፒውተሮቻቸውን እያወጡ ነው። ገበያ ላይ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ የምትሏቸው ያገለገሉ ዕቃዎች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ምክራችን አጭር ነው፦ ሁሉንም አዲስ ከመገጣጠም ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ አንድ ግራፊክስ ካርድ መጨመር። ኬዙ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ፕሮሰሰሩ በአንድ ዋጋ ይመጣሉ። ግን የሚከተሉትን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

1. ፕሮሰሰር፦ በስሙ ሳይሆን በትውልዱ
«አይ 7 ነው» ሲሏችሁ «ስንተኛ ትውልድ?» በሉ። አይ 7-3770 እ.ኤ.አ. የ2012 ዕቃ ነው፤ 4 ኮር። አይ 5-8500 የ2018 ነው፤ 6 ኮር። ስሙ ዝቅ ያለው አይ 5 ለጌም ይሻላል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይነግራችኋል። ብር ከበቃ 8ኛን ያዙ። እንደ ቫሎራንት ያሉ ጌሞች በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪውር ቡት ስለሚጠይቁ የድሮው ማሽን በር ላይ ሊያስቀራችሁ ይችላል።

2. ቁመናው
ቀጭኑ ኬዝ ያምራል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። የሚቀበለው ግን አጭሩን ካርድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ቆመው የሚቀመጡትን ታወሮች ምረጡ።

3. ካርዱና ፓወር ሰፕላዩ
ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዋት ነው፤ ለካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድም የለውም። አርኤክስ 580 በጣም ጥሩ ካርድ ነው፤ ግን ብቻውን 185 ዋት ይበላል፣ የራሱ ገመድም ይፈልጋል። የዴልንና የኤችፒን ፓወር ሰፕላይ በተራ ለመቀየርም ቀላል አይደለም፤ ሶኬቱና ቅርጹ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና ጂቲኤክስ 1650 ግን 75 ዋት ስለሆኑ አብዛኞቹ ከማዘርቦርዱ በሚያገኙት ኃይል ብቻ ይሠራሉ። ከ1650 ውስጥ ተጨማሪ ገመድ የሚፈልግ ዓይነትም ስላለ ጠርዙን ገልብጣችሁ እዩ።

4. ራም
16 ጊጋ ጥሩ ነው፤ 8 ጊጋ መነሻ ነው። አንድ ባለ 8 ከመሰካት ሁለት ባለ 4 ይሻላል፤ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ራም በተወደደበት ሰዓት ከነራሙ የሚሸጥ ማሽን መፈለግ ያዋጣል።

5. ኤስኤስዲ
የጌሙን ፍጥነት ብዙም አይጨምርም፤ የመክፈቻውን ጥበቃ ግን ያሳጥራል። ለዊንዶውሱና ለምትጫወቱት አንድ ሁለት ጌም 256 ጊጋ ይበቃል፤ የቀረውን በድሮው ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ።

6. ስክሪን
የድሮ ስክሪን ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ከ1050 ቲአይም ሆነ ከ1650 ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ አዳፕተር ያስፈልጋል። ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ ከዚያ በላይ ፍሬም ለማግኘት ብላችሁ ውድ ካርድ አትግዙ፤ ልዩነቱ እምብዛም አይታያችሁም።

7. መብራት
መብራቱ ሄድ መጣ ሲል መጀመሪያ የሚጎዱት ፓወር ሰፕላዩና ዲስኩ ናቸው። ስታብላይዘር ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን አያድንም። ለዚያ ዩፒኤስ ነው። ሁለቱን መግዛት ካልቻላችሁ የካርዱን ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ አንዱን እንኳ ግዙ። የተቃጠለ ማሽን ጌም አያጫውትም!

ብሩን እንዴት እንከፋፍለው?
ስክሪኑን ሳይጨምር፣ ካላችሁ ከእያንዳንዱ 100 ብር 45ቱ ለታወሩ፣ 30ው ለካርዱ፣ 10ሩ ለኤስኤስዲ፣ 15ቱ ለመብራት መከላከያው ቢሆን እንመክራለን። ሁሉንም አዲስ መግዛት የሚፈልግ ሰው ራይዘን 5 5600ጂን ይመልከት። ግራፊክስ በውስጡ ስላለው ዛሬ ያለ ካርድ ይጀምራል፤ ካርዱን በኋላ ይጨምራል። ለእሱ ግን ሁለት ራም የግድ ነው፤ ግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነውና።

ሳትከፍሉ በፊት
ስሙ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ውስጡ ያረጀ ካርድ የሆነ ማታለያ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ክፈቱት፤ አስመስሎ የተሠራን ካርድ ብዙ ጊዜ ያጋልጣል። አርኤክስ 580 ከሆነም 2304 ኮር እንዳለው እዩ፤ 2048 የሆነው ዝቅ ያለ ዓይነት ነው፣ ዋጋውም ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጌም አስከፍታችሁ አጫውቱት። ሻጩ «መብራት የለም፣ ቤትህ ሞክረው» ካለ መብራት ሲመጣ ተመለሱ።

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የምታዝዙ ደግሞ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን አትርሱ። ዕቃው ቢበላሽ የመመለሻውን የሚከፍለው ማን ነው? ዋስትናው ስንት ቀን ነው? ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ይላክላችሁ። እዚህ ፒያሳ ትንሽ ጨምሮ አይቶ መግዛት አንዳንዴ ርካሹ እሱ ነው።

ጌም ቤት ለምትከፍቱ አንዲት ነገር እንጨምር፦ ማሽኖቹን ሁሉ አንድ ዓይነት ሞዴል አድርጉ። አንዱ ሲሞት ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናል።

ቁርጥ ዋጋ ያልለጠፍነው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ነው። የተነገራችሁን ዋጋ ከነሞዴሉ ላኩልን፣ አብረን እናየዋለን። ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት። መልካም ገበያ!