ኮምጣጣ አፈር የሚወዱ የአስታ ዘመዶች

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚጓዝ ሰው፣ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት በብርዳማው ደጋ ላይ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ ዕፅ ይመለከታል። አስታ ይባላል። ብዙዎቻችን በማገዶነቱ የምናውቀው ይህ ዕፅ በዓለም ገበያ ተፈላጊ ከሆኑት ከብሉቤሪ፣ ከክራንቤሪና ከሊንገንቤሪ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። ክራንቤሪና ሊንገንቤሪም እንደ አስታ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሲሆኑ፣ ቀይና ኮምጣጣ ፍሬ ያፈራሉ።

ከእነዚህ አንዱን በጓሮው ለመትከል የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አፈሩን ሊጠይቅ ይገባል። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ኮቪል እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተሙት የምርምር ውጤት፣ ብሉቤሪ ለም በሚባል የአትክልት አፈር እንደሚቀጭጭና በኮምጣጣ (አሲዳማ) አፈር እንደሚፋፋ አስረድተዋል። ኤልሳቤጥ ዋይት ከተባሉ የኒው ጀርሲ አልሚ ጋር ተባብረውም እ.ኤ.አ. በ1916 በእርሻ የለማ ብሉቤሪ ለገበያ አበቁ።

አሲዳማነት የሚለካው በፒኤች ነው። ልኬቱ ሎጋሪዝማዊ በመሆኑ፣ ከ7 ወደ 6 ሲወርድ የሃይድሮጅን አዮኖች ክምችት 10 እጥፍ፣ ወደ 5 ሲወርድ ደግሞ 100 እጥፍ ይሆናል። ለብሉቤሪ የሚስማማው ከ4.5 እስከ 5.5 ያለው ነው። ፒኤቹ ከዚህ እጅግ ከፍ ካለ ተክሉ ብረት ከአፈሩ መውሰድ ይሳነዋል፤ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ እንደሆነ ሌላው ክፍል ቢጫ ይሆናል።

ለገብስና ለባቄላ ግን ይኸው አፈር ጠላት ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥራቸውን ይጎዳል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ስለሚቀር ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት እንደተጠቃ ይገመታል። ለእርሻው ኖራ የሚታዘዘው ስለዚህ ነው። የአስታ ቤተሰብ ግን በሥሩ ከሚኖሩ ጥቃቅን ፈንገሶች ጋር ተጋግዞ ከዚሁ አፈር ምግቡን ያገኛል።

እንግዲህ ከመትከል በፊት መለካት ይቀድማል። አንድ እጅ ደረቅ አፈር በ2.5 እጅ የተጣራ ውኃ በጥብጦ፣ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ በፒኤች ወረቀት መፈተን በማንኛውም ትምህርት ቤት ይቻላል። ክረምት ውኃ የሚቋጥር መረሬ ለእነዚህ ዕፅዋት አይመችም፤ በትልቅ ማሰሮ ወይም ከፍ ባለ መደብ መትከል ይሻላል። ፒኤቹን ዝቅ ለማድረግ ጥቂት የድኝ ዱቄት ይጨመራል፤ የአፈር ባክቴሪያዎች ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት ግን በወራት ውስጥ ነው። በጓሯችን የመድፋት ልማድ ያለን የምድጃ አመድ እንደ ኖራ አሲድን ስለሚያረክስ፣ ለጎመኑ ቢጠቅምም ከእነዚህ ሥር ሊደፋ አይገባም።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ አንድን አፈር ጥሩ ወይም መጥፎ ከማለታችን በፊት «ለየትኛው ተክል?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ለክተን እንድረስበት። ለገብሱ ማሳ ኖራ የሚያሻው ያው ደጋ፣ ለአስታ ቤቱ ነውና።