ከታክስ ነፃ የሆነ ጡረታም በዓመታዊ መግለጫ ይሰፍራል

በውጭ አገር የሚኖሩ የአሜሪካ ዜጎች ከአገሪቱ ማህበራዊ ዋስትና የሚያገኙት የጡረታ አበል በእስራኤል፣ በካናዳ፣ በጀርመንና በብሪታንያ ለሚኖሩት በታክስ ስምምነት መሠረት ከአሜሪካ ታክስ ነፃ ነው። ነፃ መሆን ግን አለማሳወቅ ማለት አይደለም፤ ዓመታዊ የገቢ መግለጫ የሚያቀርብ ጡረተኛ ጠቅላላ አበሉን ሞልቶ፣ ታክስ በሚከፈልበት መጠን ቦታ ዜሮ ያሰፍራል።

ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ይህን መሰል ስምምነት የላትም። በመሆኑም የአሜሪካ ዜግነት ይዞ አዲስ አበባ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ እንደ ሌላው ገቢው መጠን፣ እስከ 85 በመቶ የሚደርሰው አበሉ በታክስ ስሌት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዜግነት ሳይወስድ የአሜሪካ ነዋሪነቱን ባቋረጠ ጡረተኛ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል፤ አበሉን በውጭ እንዲቀበል ቢፈቀድለት እንኳ፣ የ85 በመቶው 30 በመቶ፣ ማለትም ከየ100 ዶላሩ 25 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ከእጁ ሳይገባ ይቀነሳል።