የባዮኤቲክስ ትምህርት፦ ከሐኪሞች ባሻገር ለልዩ ልዩ ሙያዎች የተከፈተ ዕድል

ባዮኤቲክስ በሕክምና፣ በጤና አገልግሎትና ሰዎችን በሚያሳትፍ ምርምር ውስጥ የሚነሡ የሥነ ምግባር ጥያቄዎችን የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። አንድ ሕክምና ወይም ምርምር ሊደረግ መቻሉ ብቻውን ሊደረግ እንደሚገባው አያረጋግጥም። ይህን ለመወሰን የሕክምና ዕውቀት ብቻ ስለማይበቃ፣ በዘርፉ የሚሰጡ የነፃ ትምህርት ዕድሎች (ፌሎውሺፖች) ከሐኪሞችና ከነርሶች በተጨማሪ የሕግ፣ የፍልስፍና፣ የማኅበራዊ ሳይንስና ሌሎች ባለሙያዎችን ሲያሳትፉ ቆይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘርፉን አስፈላጊነት በተለይ ለሆሳዕና እንዲሁም ለሀዲያና ለከምባታ ከተሞች ባለሙያዎች ማስገንዘብ ነው።

ጉዳዩ አካባቢውን እንዴት ይመለከታል?

በሆሳዕና የሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። በእንዲህ ዓይነት ተቋም ሕክምና፣ ትምህርትና ምርምር በአንድ ግቢ ይገናኛሉ። ከገጠር ቀበሌ የሚመጡ ብዙ ታካሚዎች አፍ የፈቱት በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ ነው። የስምምነት ቅጹ የተጻፈው ታካሚው በማያነበው ቋንቋ ከሆነ፣ በወረቀቱ ላይ ያረፈው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ታካሚው ጉዳዩን መረዳቱን አያረጋግጥም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የጤና አገልግሎት በታካሚው ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ፈቃድ የሚባለውም ታካሚው ሊደረግለት የታሰበውን፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ተገንዝቦ የሚሰጠው ነው።

ከአጎራባች ወላይታ የተገኘ ትምህርት

በወላይታ በተለምዶ ዝሆኔ ተብሎ በሚጠራው የእግር እብጠት በሽታ (ፖዶኮኒዮሲስ) ላይ የዘር ምርምር ለማካሄድ በታቀደበት ወቅት፣ ተመራማሪዎች አስቀድመው የኅብረተሰቡን አስተያየት ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የጥናታቸው ውጤት አንድ ከባድ ስጋት አሳይቷል፤ በሽታው በቤተሰብ ይተላለፋል መባሉ በሕሙማኑ ቤተሰቦች ላይ የሚደርሰውን መገለል ሊያባብስ ይችላል የሚል ነበር። ስለሆነም መረጃው የሚሰጥበትና ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ ከአካባቢው ሁኔታ ጋር እንዲጣጣም ተደረገ። ይህን ስጋት የላቦራቶሪ ምርመራ ሊያሳይ አይችልም፤ ሰዎችን ማነጋገርና ማዳመጥን ይጠይቃል።

በአገራችን የምርምር ዕቅዶችን የሚመረምሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ከልዩ ልዩ ሙያዎች የተውጣጡ አባላት እንዲኖሯቸው የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሕግ ባለሙያው የተሳታፊውን መብት፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያው የአካባቢውን ወግ፣ የኅብረተሰቡ ተወካይም ቅጹ ለተራው ሰው ግልጽ መሆኑን ያያል።

የከምባታ ተሞክሮ

የከምባታ ተወላጅ የነበሩት ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ በኢየሩሳሌም ሂብሩ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ ካጠኑ በኋላ፣ በፉልብራይት የነፃ ትምህርት ዕድል በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ1997 ከምባቲ መንቲ ገዚማ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የመረጡት መንገድ የማኅበረሰብ ውይይት ነበር፤ ሽማግሌዎች፣ ወጣቶች፣ ሴቶችና የሃይማኖት አባቶች በግልጽ ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ ሠርግ በአደባባይ ተከበረ። ድርጊቱን በአንቀጽ 565 እና 566 የሚያስቀጣው የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ነው። ዶ/ር ቦጋለች የባዮኤቲክስ ተማሪ አልነበሩም፤ ሥራቸው ግን የጤና ዕውቀት በኅብረተሰቡ ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በአክብሮትና በውይይት ሲቀርብ መሆኑን አሳይቷል።

የትምህርት ዕድሎቹና የአመልካቾች ዝግጅት

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አካል የሆነው የፎጋርቲ ዓለም አቀፍ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የምርምር ሥነ ምግባር ሥልጠናን ሲደግፍ ቆይቷል። በዚህ ድጋፍ ከተቋቋሙት መካከል በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ባለሙያዎች ሥልጠናና በደቡብ አፍሪካ የተዘረጋው መርሐ ግብር ይገኙበታል። በአውሮፓም የሌቨን፣ የናይሜኸንና የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲዎች በኢራስመስ ሙንደስ ሥር የጋራ የማስተርስ ትምህርት ሲሰጡ ነበር። የመርሐ ግብሮች ይዘትና የማመልከቻ ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ አመልካቾች ወቅታዊውን ጥሪ ከሰጪው ተቋም በቀጥታ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ለማመልከት የሚዘጋጅ ባለሙያ፦

• በሥራው ያጋጠመውን ተጨባጭ የሥነ ምግባር ችግር ለይቶ በግልጽ ቢያቀርብ፤
• ሲመለስ ዕውቀቱን በየትኛው ሆስፒታል፣ ኮሌጅ ወይም ኮሚቴ ሥራ ላይ እንደሚያውል ከተቋሙ ጋር አስቀድሞ ቢመክር፤
• በሚኖርበት አካባቢ ከሚገኝ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አሠራር ጋር ቢተዋወቅ

ማመልከቻው የተጠናከረ ይሆናል።

ተቋማትም በበኩላቸው ሠልጥነው ለሚመለሱ ባለሙያዎች የሚሠሩበትን ቦታ ማመቻቸት ይጠበቅባቸዋል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሾኔ ለሕክምና የሚቀርብ ሰው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ ጠይቆ፣ አስቦበት «እሺ» ወይም «አይሆንም» ለማለት ሲችል ትምህርቱ ግቡን መታ ማለት ይቻላል።