የውሻ ዘርና አራስ ቤት
«የኛ ውሻ ዘሩ ገር ነው፤ የጎረቤታችን ግን የጀርመን ዘር ስለ ሆነ ክፉ ነው» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ነገር ግን የዘር ስም ለሕፃን ዋስ አይሆንም። ገር የተባለውም ውሻ ሲታመም፥ ሲበላ ሲነኩት ወይም የሕፃን ጩኸት ሲያስደነግጠው ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ሕፃኑ ከመወለዱ አስቀድሞ ውሻውን ማስከተብ፥ የትል መድኃኒት መስጠትና ከመኝታ ቤት ውጭ መዋል ማስለመድ ይገባል። ከተወለደም በኋላ ሁለቱን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ብቻቸውን መተው አይገባም።

ውሻ ቢነክስ፥ ቢቧጭር ወይም ቁስል ቢልስ፥ ስፍራውን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በአንድ የ9 ዓመት ልጅ ላይ የጀመረው የክትባት ሕክምና ግን ሳይዘገይ የደረሰውን ዛሬም ያድናል። ስለዚህ የውሻን ዘር ከማመስገን ሕፃኑን መጠበቅ ይበልጣል እንላለን።